ከቅጹ ውጭ ስለተጻፈው አሥራ ሰባት ሚሊሜትር

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የደም ግፊትዎ፣ የስኳርዎ መጠንና የልብ ምትዎ እንደ ልካቸው እንዲሆኑልዎ፣ አንድ ቀን ከልኩ ያነሰ ነገር ቢገኝብዎ ደግሞ እሱን የሚጽፉበት ባዶ ቦታ በወረቀቱ ላይ እንዳይታጣ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ለጠላቴም አልነፍግም፤ ለእርስዎማ እንዴት ተደርጎ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሰው አቤቱታ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ሳስገባ ጸጉሬ ሸብቷል። የራሴን አቤቱታ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ልምድ ከማጣት ነው ብለው ይለፉኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁትም ድፍረት ተሰምቶኝ አይደለም። በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ለሦስቱም ባንድነት ሁለት መስመር መልስ ስለላኩልኝ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ ካነበበው ከመካከላቸው አንዱ ለእርስዎ ያነብልዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። እርስዎ በቁጥር የተዘረዘረ ነገር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፤ መልካም ምክር ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ።

የመጨረሻዋ ልጄ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ እኔን እንኳ ችሎ ይኖራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የመጀመሪያ ልጇን ስድስት ወር ሳይሞላው እዚያው እናንተ ዘንድ ወለደችው። አንድ ቀን ከግማሽ ኖረ። ስንወጣ ያኔ የነበሩት አንድ አዛውንት ሐኪም ልጄን አስቀምጠው፣ በሚቀጥለው እርግዝና ገና በአራትና በአምስት ወሯ የማህፀኗ አንገት ርዝመት በአልትራሳውንድ መለካት እንዳለበት፣ አጥሮ ከተገኘም ልጁ ያለጊዜው እንዳይመጣ የሚሞከር ነገር እንዳለ በእርጋታ አስረዷት። በመውጫ ወረቀቷም ላይ ጻፉላት። ያ ወረቀት ካርዷ ውስጥ አለ። ካርዷ እናንተ ጋ አለ። እኒያ ሐኪም ግን አሁን የሉም፤ ለአንድ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ መዛወራቸውን ሰማሁ። ውሳኔው ቀልጣፋ እንደነበር አልጠራጠርም።

ስለዚህ ልጄ ስታረግዝ ማንም ሳይጎትተን መጣን። ሌላው ሰው ዘገያችሁ ተብሎ ይወቀሳል፤ እኛን በዚያ መውቀስ አይቻልም። ይህን ያስጻፈኝ ስለ ራሴ በጎ ነገር ለመናገር አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚያዩት ያ ድርሻዬ አልቆብኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ አዲሱ ቅጽ።

የተቀላጠፈው የአልትራሳውንድ ቅጽዎ በተመረቀ በሁለተኛው ሳምንት ነበር የደረስነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አሳድጋችሁ ስለሰቀላችሁት ተራ እስኪደርሰን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በሙያዬ ብዙ ቅጽ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያማረ አላየሁም። ሃያ ሁለት ሳጥን አለው። የስልክ ቁጥር ሳጥን አለው፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ሳጥን አለው፣ ስለ ሆስፒታሉ ከማን ሰሙ የሚል ሳጥን አለው፣ በመጨረሻም በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል የሚል፣ የሚስቅና የሚያኮርፍ ፊት የተሳለበት ሳጥን አለው። ለማህፀን አንገት ርዝመት የሚሆን ሳጥን ግን የለውም። ያኔ ይህን አላስተዋልኩም። የሌለን ነገር በማንበብ ማስተዋል አይቻልም።

አልትራሳውንድ የምታነሳዋን ባለሙያ እርስዎ በሚገባ ያውቋታል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎትና። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ በስላቅ «እመት ሚሊሜትር» ይሏታል። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ መሣሪያው፣ እሷና አንድ መጋረጃ ከገቡ በኋላ ለእኔ የተረፈው በበሩና በቆሻሻ ማጠራቀሚያው መካከል ያለው ስፍራ ነበር። የምርመራውን ቅባት በእጇ መዳፍ ካሞቀች በኋላ የልጄ ሆድ ላይ ቀባች። ሕፃኗ ሴት መሆኗን፣ ልቧ በደንብ እንደሚመታ ነገረችን። ልጄ ሳቀች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ባለሙያዋ የመውጫ ወረቀቱን አንብባ ስለነበር፣ ልጄን ሽንቷን ሸንታ እንድትመለስ አደረገችና በቀጭኑ መሣሪያ በውስጥ በኩል ደግማ አየች። ሦስት ጊዜ ለካች። ለአንድ እናት አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲሰጥ ማዘዝዎን የሚገልጸው ማስታወቂያ ልክ ከራስጌዋ ተለጥፎ ነበር፤ ከውጭ በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። እሷ አልቸኮለችም። ሲያበቃ መብራቱን አበራች፣ ልጄን አስቀመጠቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ነው። አጭር ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፤ ለነገ አይባልም።»

ልጄ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ለማንም አልጠየቀችም። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ የምትለካ ሰው ናት፤ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል አሳየችንና «የሸሚዝ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው» አለች። ባለሙያዋ ሳትሸፋፍን አስረዳችን። በሃያ ሳምንት ላይ፣ ያውም አንድ ልጅ ያለጊዜው ለወለደች ሴት፣ ከሃያ አምስት በታች ከሆነ ልጁ ቀድሞ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። የሚሰጥ የሆርሞን መድኃኒት አለ፣ የማህፀኑን አንገት በክር ማሰርም አለ። ሁለቱም ሁልጊዜ ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ ግን ለብዙዎች ጊዜ ይገዛሉ፣ ለሕፃን ደግሞ ሁለት ሳምንትም ትልቅ ነገር ነው። ቅጹ ላይ ቦታ ስላጣች በዳርቻው፣ ከሚስቀው ፊት ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች፤ «17 ሚ.ሜ። አጭር። ዛሬ በሐኪም ይታይ።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ሦስተኛ፤ ስለ ንጽሕናችሁ።

ወረቀቱን ይዘን እንድንሄድ አይፈቀድም ነበር። በመስኮት ለጽሕፈት ክፍሉ ሰጠነው። እዚያ ያለችው ወጣት ሃያ ሁለቱን ሳጥኖች ወደ ኮምፒውተር አስገባች፤ ሃያ ሦስተኛ ሳጥን ስለሌለ ሃያ ሦስተኛ ነገር አላስገባችም። አልፈርድባትም። ከሳጥን ውጭ የተጻፈ ነገር ካስገባች ሥራዋ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ከደረጃዋ እንደሚቀነስባት ኋላ ነገረችኝ። ከማተሚያው የወጣው ገጽ አንዲት ቀይ ነጥብ አልነበረበትም። ከታች በደማቁ «ውጤት፦ መደበኛ» ይላል። ኮምፒውተሩ ሃያ ሁለቱም ሳጥን ሲሞላ ይህን ቃል ራሱ ይጽፋል። ንጹሕ ወረቀት ነበር፤ ስለ ንጽሕናው አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው፤ ዐይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ንጹሑን ወረቀት አይቶ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። ባለሙያዋ አጭር ነው ብላናለች አልኩት። ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባውን ሁሉ አየ፣ ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ እዚህ ላይ የለም እኮ» አለኝ። ከአራት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠሮ ሰጣት። ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ተመልሼ ብሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ባለሙያዋ ቢሮ ተጠርታለች ተባልኩ። የተጠራችው ለአንዲት እናት ሃያ ሦስት ደቂቃ በማባከኗ ነበር። ያቺ እናት ልጄ ናት።

አራተኛው ለእርስዎ አይደለም፤ ይታገሡኝና ለራሴ ልጻፈው።

የልጄ ባል ያን ቀን አውቶቡሱን ለጓደኛው ሰጥቶ መጥቶ ነበር። በግቢው ውስጥ ከአጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ነገሩን ስንነግረው፣ ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ዛሬውኑ ልውሰዳት አለ። እሱ ሐኪም አይደለም፤ ግን ሴትየዋ ሦስት ጊዜ የለካችው በከንቱ አይደለም አለ። ልጄ ሁለታችንን ታየናለች። እኔስ ምን አልኩ መሰልዎት? ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ነገር ተናገርኩ። ማኅተም ያለው ወረቀት ደህና ነው ካለ ደህና ነው፤ በጽሑፍ የሌለ ነገር የለም ማለት ነው፤ ልጅቷን በከንቱ አታስጨንቃት አልኩት። የታተመውን ወረቀት እያሳየሁ ነበር የተናገርኩት። እሱም አክብሮኝ ዝም አለ። ባያከብረኝ ምን ነበር።

ልጄ በማግሥቱ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ስለዚህ ክቡርነትዎ በዚህ ጉዳይ ብቻዎን አይደሉም። ከጥፋቱ አንድ አንቀጽ ተካፍዬልዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልካፈልም።

አምስተኛ፤ ዘጠኝ ቀን።

ቀጠሮዋ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በፊት፣ በመኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። በዚያ መስመር ያሉ ሴቶች ሁሉ መኪናቸውን አቆሙ። የክፍሉ ኃላፊ የተቆረጠ ጨርቅ የሚጓጓዝበትን ጋሪ አምጥታ እሷን አስተኝታ እስከ በሩ ገፋቻት። ባሏ መንገድ ላይ ስለነበር ከፋብሪካው ጭነት መኪና በአንዱ ነው ወደ እናንተ ያመጧት። ሃያ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነበር። ልጅቷ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተወለደች። ስድስት መቶ አርባ ግራም።

ስለ ማሞቂያ ክፍሉ ሠራተኞች አንድ ክፉ ቃል አልጽፍም። እነሱ ሰዎች ናቸው። አንዷ ነርስ የእኛ ልጅ ከሁሉም ትንሿ ስለሆነች ኮፍያ ሁሉ ዐይኗን እንደሚሸፍንባት ስትነግረን፣ ልጄ ገና ቁስሏ ሳይደርቅ ከባሏ አሮጌ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ቆርጣ በእጇ ሰፋችላት። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው፤ ቆዳዋን እንዳይፍቃት ብላ። የልጅቷ ጣቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የእናቷን ትንሽ ጣት ጥፍር ይይዙ ነበር። አባቷ ከመስተዋቱ ውጭ ቆሞ በየቀኑ የአውቶቡሱን ፌርማታዎች በቅደም ተከተል ይነግራት ነበር። ለሕፃን ምን እንደሚወራ አላውቅም ይላል፤ የሚያውቀውን አወራላት። በዘጠነኛው ቀን፣ በመጠየቂያ ሰዓት፣ መሣሪያው ሲጮኽ ወደ ውጭ አስወጡን። ስንመለስ ኮፍያዋን አውልቀውላት ነበር።

ልጄ አላለቀሰችም። እኔን «እማዬ፣ አሥራ ሰባት ነበር እኮ» አለችኝ። አነጋገሯ የወቀሳ አልነበረም። አንድ ሰው ስሌቱን ሠርቶ ልክ መሆኑን ሲያውቅ እንደሚናገረው ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ከእኔ ጋር አታወራም። እበላለሁ ትላለች፤ አትበላም። ልሂድ ወደ ሥራ ትላለች፤ በሩ ላይ ትቀመጣለች።

ስድስተኛ፤ ስለ ቁጠባችሁ።

ምንም ነገር እንደማትጥሉ ለማወቅ የበቃሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ የትም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ቦታ ያጣ ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ። አይቀደድም፤ ኃላፊነት ይመጣላ። ካርቶን ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ካርድ ክፍላችሁ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ሠራተኛ ጣቴ ላይ የቀረውን የማኅተም ቀለም ጠባሳ አይተው ወዲያው የሙያ ጓደኛቸው መሆኔን አወቁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሥራ ካረጁ ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም። «የማይገቡ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱልኝ፤ የልጄን ወረቀት አንስቼ በደረቴ ይዤ ቆምኩ። ቀዩ ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ነው፤ አልደበዘዘም።

ካርቶኑ ውስጥ ሌሎች ቀይ ጽሑፎች ነበሩ። ስማቸውን አላነበብኩም፤ ያንን ያህል ሙያዬን አልረሳሁም። ቆጠርኩ ብቻ። ሃያ ሦስት ናቸው። በአንዲት ሴት እጅ የተጻፉ፣ ከሥራቸው ሁለት ጊዜ የተሰመረባቸው፣ ሃያ ሦስት እናቶች።

የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ በስማቸው አልጠቅሳቸውም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያቸውን አስቀድመው ስለወሰዱ ግን ምስጢር አላወጣሁባቸውም። ከፈቃድ ውጭ ለታካሚ ስልክ በመደወል ይላል ደብዳቤው። እውነት ነው፤ ደውለዋል። በገዛ ስልካቸው፣ አንድ በአንድ፣ ለሃያ ሦስቱም። ገሚሶቹ ወልደው ነበር፤ አንዳንዶቹ እንዴት እንደወለዱ ልጠይቅዎና መልሱን ለእርስዎ ልተወው። ስልካቸው የማይሠራም ነበሩ። ሰባቱ ግን ገና ጊዜ ነበራቸው። ከሰባቱ አንዷ፣ አትክልት ነጋዴ ናት ብለውኛል፣ ሌላ ሆስፒታል ሄዳ የማህፀኗን አንገት አሳሰረች። አሁን ሠላሳ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለማታውቃት ሴት ሳምንት እየቆጠርኩ መኖር ጀምሬአለሁ። ዘመድ ለመሆን ደም አያስፈልግም ለካ።

የአልትራሳውንድ ባለሙያዋም ራሷ ቤታችን መጣች። እርስዎ ወደ ኤክስሬይ ፊልም ማከማቻ ካዛወሯት በኋላ ነው፤ ጥፋቷም ከቅጹ ውጭ መጻፍና ደረጃውን ያልጠበቀ ቀለም መጠቀም እንደሆነ የሚገልጸውን ደብዳቤ አሳየችን። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን እያሻሸች፣ ያን ቀን ወረቀቱን ትታ በእጇ ይዛን ወደ ሐኪሙ መግባት እንደነበረባት ተናገረች። ሠላሳ ስምንት ሴት በር ላይ ተሰልፎ ነበር አለች። ያንን ያለችው ለማመካኘት አይደለም፤ እያንዳንዳቸውን እስካሁን እንደምታያቸው ገባኝ። ልጄ ከበሩ ተነሥታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና «እዚያ ግቢ ውስጥ ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት። ሁለቱም ያኔ ነው ያለቀሱት። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ስለዚህ የልጄ መድኃኒት ከእናንተ ሆስፒታል ነው የተገኘው፤ ይህንንም ያለ ምስጋና አላልፈውም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፤ ስለ መልስዎ።

ሁለቱን መስመሮች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። «በተሟላው ቅጽ መሠረት የታካሚዋ ውጤት መደበኛ ነበር። ሆስፒታሉ ለደረሰው ነገር ኀዘኑን እየገለጸ ለትብብርዎ ያመሰግናል።» የትኛውን ትብብር እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ በግቢው ወንበር ላይ ለአማቼ የተናገርኩት ትዝ አለኝና፣ አዎን፣ ተባብሬያለሁ አልኩ።

ክቡርነትዎ፣ ክሩ ቢታሰር፣ መድኃኒቱ ቢሰጥ የልጅ ልጄ ትኖር ነበር ብዬ አልምልም። ባለሙያዋም እንዲያ አላለችንም። ላይሠራ ይችል ነበር። ነገር ግን ላይሠራ የሚችል ነገር ተሞክሮ ሲቀርና ሳይሞከር ሲቀር፣ እናት ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያውን ልጅ የቀበርነው ሁሉ ተሞክሮ ነው። ያኛው ኀዘን ነበር። ይህኛው ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ስም ካላችሁ ላኩልኝ፣ በሳጥን ውስጥ እጽፈዋለሁ።

ካሣ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ሴንቲ ሜትር በሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ በቅጹ ላይ፣ የአንዲት አጭር ሴት ወደ ጠባብ ክፍሏ መመለስ፣ ስልካቸው ያልሠራ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሰው ልኮ ማስፈለግ ነው። የመጀመሪያውን ለማድረግ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። ሁለተኛው አንድ ፊርማ ነው። ለሦስተኛው የልጄ ባል የእረፍት ቀኑን ሊሰጥ ፈቅዷል፤ መንገዱን ሁሉ ያውቃል። እምቢ ካሉም መልስዎን በሁለት መስመር ይላኩልኝ፤ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደርገዋለሁ። ፋይሉን አሁን ከእኔ ሌላ ብዙ ሰው ያነበዋል።

ለንጹሕ ወረቀትዎ፣ ለሃያ ሁለቱ ሳጥኖችዎ፣ ለአሥሩ ደቂቃዎ፣ ሰው የሚጽፈውን ሳይሆን ሰው የሚጽፍበትን ቦታ ብቻ ለማየት ለተለማመዱት ዐይኖችዎ ያለኝን አክብሮት ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ መጠን እገልጻለሁ።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
በጡረታ ላይ ያለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
የሁለት ያልኖሩ ልጆች አያት።

ግልባጭ፤
ለኤክስሬይ ፊልም ማከማቻ፣
ለካርድ ክፍል፣
ለሚመለከታቸው ሃያ ሦስት እናቶች።

ማስታወሻ፦ ከሆስፒታልዎ ወደ ስልኬ የልጅ ልጄ የክትባት ቀን መድረሱን የሚያስታውስ መልእክት ይመጣል። በስድስተኛው ሳምንት የመጣውንና በአሥረኛው ሳምንት የመጣውን ለማንም ሳላሳይ አጠፋሁ። ሦስተኛው ባለፈው ሐሙስ ሲመጣ ስልኩ በልጄ እጅ ነበር። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ቀና ብላ «እማዬ፣ እነሱ ጋ አለች ማለት ነው?» አለችኝ። በእርስዎ መዝገብ ልጅቷ ይኸው የሦስት ወር ሕፃን ሆናለች፤ የእርስዎ መዝገብ ደግሞ እንደማይሳሳት በጽሑፍ አረጋግጠውልኛል። ስለዚህ ያለችበትን ክፍል ቁጥር በመጀመሪያው ፖስታ ይላኩልን፤ መጥተን እንወስዳታለን።